ከቢቸና ሞጣ፣ ደርሶ መልስ

መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ቢቸና ላይ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ በየተራ ቆመ። መጀመሪያ አውቶቡሱ ቀረ፤ ቀጥሎ ሞተር ሳይክል ተከለከለ፤ ከዚያ ባጃጅ። ስልኩም እንደሚሽከረከር ተቆጥሮ ነው መሰል ጠፋ። ብስክሌትን ግን የከለከላት የለም። ከልጆች መጫወቻ ሌላ ከተማው ውስጥ ያለችው አንዲት ብቻ ስለሆነች ከልካዮቹ ሁሉ ረሷት።

ባለቤቷ ሽመክት ነው፤ የጂኦግራፊ መምህር፣ የሞጣ ልጅ። ባሕር ዳር ተማሪ ሳለ የገዛት ናት። ለባሕር ዳር ሜዳ የተሠራች፣ ማርሽ የሌላት፣ ከሁለቱ ፍሬኖቿ አንዱ ብቻ የሚይዝ። ቢቸና ሲመደብ አውቶቡስ አናት ላይ አስጭኖ አመጣት። ከተማው «የመምህሩ በቅሎ» ይላታል፤ አቀበት ላይ ተሸክሟት ስለሚታይ ግን ማን የማን በቅሎ እንደሆነ የሚጠይቅም አልጠፋም።

አሁን በእሷ ሞጣ ሊሄድ ነው። ብቻውን።

«ዳገቱን አይተኸዋል?» አለው የሒሳብ መምህሩ፣ የመምህራን ክበቡ ውስጥ ሁሉም እየሰማ።

«በካርታ አስተምረዋለሁ እኮ።»

«በካርታማ ሁሉም ሜዳ ነው።»

ጉዞው የሽርሽር አልነበረም። ታናሽ እህቱ መክሊት ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት፤ ያለ ኢንሱሊን ውላ ማደር አትችልም። ሞጣ ላይ ደግሞ መድኃኒቱ ጠፍቷል። ስልኩ ሊዘጋ ሰሞን ለመጨረሻ ጊዜ ሲያወሩ «እየቀነስኩ ነው የምወጋው፤ እንደ ሚጥሚጣ እየቆነጠርኩ» ብላ ስቃ ነበር። መክሊት የማትስቅበት ነገር የለም። ስትሰናበተውም እንደ ልማዷ «ስትመጣ ከረሜላ ይዘህልኝ ና» አለችው። ከረሜላ እንደማይፈቀድላት ካወቀች ጀምሮ ወንድሟ ከቤት በወጣ ቁጥር የምትለው ነው። ሌላ ጊዜ አብሯት ይስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን ስልኩን ዘግቶ ብስክሌቷን ከጓሮ አወጣና ያጥባት ጀመር።

መድኃኒቱን ለምና ያገኘችለት ሲስተር እስከዳር ናት፤ ከሆሳዕና ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያ ነርስ። ሁለት ብልቃጥ። «ሙቀት ካገኘው ውኃ ነው የምትወጋት» አለችና ትንሽ ገንቦ አስገዛችው። ብልቃጦቹ በላስቲክ ተጠቅልለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንዴት እንደሚቀበሩ አሳየችው፤ የገንቦዋን ሆድ በጆንያ አለበሰችው።

«ጆንያው እንዳይደርቅ። በየደረስክበት ውኃ አፍስስበት። እሱ ከደረቀ አለቀ።»

«ልጅ ነው የምታስታቅፊኝ በይኛ!»

«ከልጅም ይብሳል። ልጅ ሲጠማው ያለቅሳል።»

ሐሙስ ጠዋት ሊነሣ ቆረጠ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰማው መጣ።

ሰማው ሸማ ተሸክሞ በእግሩ ከሞጣ ወደ ደጀን የሚያልፍ ነጋዴ ነው። የሽመክት እናት ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሲያልፍ አግኝታው የሰጠችው መልእክት ከአንድ ጉርሻ አይበልጥም፤ «መክሊት ጠንቶባታል፣ ቶሎ ድረስ በልልኝ።» ሰውየው ከዚህ ሌላ የሚያውቀውም የደበቀውም ነገር አልነበረም። ልጂቱ በሕይወት አለች፤ ጠንቶባታል። ያመጣው ይህን ነው።

ሽመክት ግን ትምህርት ቤት ነበር። ሰማው ያገኘው አከራዩን ጋሽ አምባቸውን ነው። ጋሽ አምባቸው የእድሩ ሊቀ መንበር ናቸው። ቢቸና ውስጥ ያለ እሳቸው መርዶ የተረዳ ሰው የለም ይባላል፤ ጠዋት በማለዳ በር ላይ የታዩ እንደሆነ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ የሚያለቅስ አለ። ወተት ሊገዙ ሄደው እንኳ አስለቅሰው ያውቃሉ።

እናም ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። አልቀመጥም አለ፤ እግሩ ውኃ ስለቋጠረ ከተቀመጠ መነሣት እንደሚያቅተው ፈርቶ ነው። እህል ውኃ ሲሉት እምቢ አለ፤ ጾመኛ ነው። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፤ ከጮቄ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲያለብሰው ውሏል። «ልጁ እስኪመጣ ቆይ እንጂ» ቢሉት፣ ሳይመሽ ከኬላው ማለፍ አለብኝ ብሎ ዕቃውን አነሣ። ሊሄድ ሲል ደግሞ ትሕትና ይሆናል ብሎ «እንግዲህ እርስዎ ያውቁበታል አባቴ» አለና አረፈው።

ጋሽ አምባቸው በሩን ዘግተው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ይርጋነሽ፣ ልጂቱ የለችም።»

«ምነው! ጠንቶባታል ሲል ሰምቼዋለሁ እኮ።»

«ታዲያ ምን ሊል ኖሯል? ሞተች ይበል? መርዶ በየደጁ የሚበትን ባለጌ ይመስላል?»

እትዬ ይርጋነሽ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

በዚህ አገር የሞተ ሰው መጀመሪያ ይታመማል። በሕይወቱ ራሱን እንኳ ታሞ የማያውቅ ቢሆን፣ ከሞተ በኋላ መታመሙ አይቀርለትም። ሩቅ ያለ ዘመዱ «ጠንቶበታል» ተብሎ ይጠራል፤ እየሰጋም እየተጽናናም ይመጣል። እውነቱ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው፤ ዘመድ ባለበት፣ ሲወድቅ የሚይዙት ግራና ቀኝ ቆመው። ደግ ሥርዓት ነው። አንዲት ጉድለት ብቻ አለችው፤ በእውነት ለታመመ ሰው ምንም ቃል አላስተረፈለትም።

እድሩ ፀሐይ ሳትገባ ተጠራ። የመንግሥት ሠራተኛውም አባል ስለሆነ እስከዳር ከሥራ እንደወጣች፣ ነጭ ጋዋኗን በክንዷ እንደያዘች መጣች።

«አጀንዳችን አንድ ነው» አሉ ጋሽ አምባቸው። «ልጁ ዘመድ አለው?»

«ሉማሜ አጎት አለው፤ አያ ጓዴ ይባላል» አለ ባምላኩ፣ የባጃጅ ጠጋኙ። ባጃጅ ከተከለከለ ወዲህ ሥራው ስብሰባ ብቻ ነው።

«ያለ ዘመድ አናረዳም። ያን የእርሻ ባለሙያ ያለ ዘመድ አርድተነው ጣራ ላይ ወጥቶ አላስቸገረንም? ወደ ሉማሜ ሰው ይላክ።»

«በምን ጋሼ? በእግር?»

«በብስክሌት ይላክ አልል፤ የማን ናትና!»

እስከዳር እጇን አወጣች። «ይቅርታ፤ መልእክተኛው ሞተች ብሏል?»

ራሶች ሁሉ ወደ ጋሽ አምባቸው ዞሩ።

«አላለም» አሉ ጋሽ አምባቸው።

«ታዲያ?»

«አለማለቱ ነዋ፣ ልጄ።»

«እሺ፣ በሕይወት ብትኖርና ብትታመም ምን ይል ነበር?»

ጋሽ አምባቸው ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ አሰቡበት። «ጠንቶባታል ይል ነበር» አሉ።

«እሱንኮ ነው ያለው!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ጋሽ አምባቸው አልተቆጡም። «ሲስተር፣ እናንተ አገር እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም...»

«እኛም አገር ሰው ይሞታል ጋሼ። እኔ የምለው መድኃኒቱ ይሂድ ነው። ሞታ ከሆነ የሚጎዳው የለም። ባትሞትስ?»

«ምኞቱ መልካም ነበር። ግን ልጁን ብቻውን በዚያ በረሃ ልንለቀው ነው? ሞጣ መግቢያ ላይ አንዱ አፈ ልቅ ድንገት ነፍስ ይማር ቢለው፣ ልቡ ቀጥ ቢል፣ ማን ይይዘዋል? ብስክሌቷ?»

ውሳኔው በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። አያ ጓዴ ከሉማሜ እስኪመጡ ልጁ እንዳይነሣ፤ ማንም ቃል እንዳይተነፍስ። መርዶ አስቀድሞ ያወጣ ሰው ሲሞት እድሩ እንደማይቀብረውም ተጨመረበት።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሽመክት ብስክሌቷን ሊያወጣ ቢሄድ የፊት ጎማዋ የለም።

«ባምላኩ ወስዶታል» አሉት እትዬ ይርጋነሽ፣ ፊቱን ላለማየት እሳቱ ላይ ጎንበስ ብለው። «ተወላግዷል ብሎ።»

ባምላኩ ጎማውን ጣራው ሥር ሰቅሎት ነበር። «መምህር፣ በዚህ ደብረ ወርቅም አትደርስ። ኩሽኔታው አልቋል።»

«ትናንት ደህና ነበር እኮ!»

«ኩሽኔታ እንደ ሰው ነው፤ ትናንት ደህና ነበር ይባላል። ነገ ይደርስልሃል።»

በነጋታው ኩሽኔታው ገና እየመጣ ነበር። «በምን?» አለ ሽመክት። «በእግር» አለ ባምላኩ፤ ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም፤ የሚጠበቁት አያ ጓዴ በእግራቸው እየመጡ ነው።

እስከዳር ያን ዕለት ትምህርት ቤት ድረስ ሄደች። በር ላይ ጠርታ «ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ» አለችው።

«ጎማዬን ይስጡኛ።»

«በእግርህ ሂድ።»

«በእግሬ ከምደርስበት ቀን በብስክሌት ጠብቄ ብሄድ እቀድማለሁ። አስልቼዋለሁ። ምነው፣ የሰማሽው ነገር አለ?»

አፏ ድረስ መጣ። ጠንቶባታል ብትለው፣ እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ እንደ አምባቸው ሊተረጉመው ነው። እዚሁ የትምህርት ቤት በር ላይ፣ ብቻዋን፣ ምናልባትም በውሸት ልታረዳው ነው። «አይ፣ መድኃኒቱ ቀኑ እንዳያልፍበት ብዬ ነው» አለችና ወደ ባምላኩ ሮጠች። ባምላኩ ጎማውን የሊቀ መንበሩ ቤት አስገብቶት ነበር።

ከተማው ደግሞ ደግ ሆነ። ሠላምታ ነስቶት የኖረው ሁሉ ቆሞ ይስመው ጀመር። አንዷ ጎረቤት ዶሮ ወጥ፣ አንዷ ጥብኛ ዳቦ ላኩለት። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ክንዱን ጨብጦ «አይዞህ፤ ወንድ ልጅ ነህ» አለው። ጋሽ አምባቸው «እንዲህ ያለ ጉዞ እንደ ሌባ ሹልክ ተብሎ አይወጣም፤ አገር ይሸኝሃል» ሲሉት ነገሩ ሁሉ የገባው መሰለው። ለካ ለዚህ ነው! መጀመሪያ አፈረ። ቀጥሎ፣ ሰው ነውና፣ ደረቱ ትንሽ ነፋ። ለዘጠነኛ ክፍሎች ስለ ዝናብ ሥርጭት ማስተማሩን ትቶ፣ ረጅም መንገድ ብቻውን በብስክሌት የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት መንፈስ ሊኖረው እንደሚገባ አብራራላቸው። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡት። የመክሊትን መርዶ ሰምተዋል።

አያ ጓዴ ቅዳሜ አመሻሽ ደረሱ፤ እግራቸው ተልጦ። ሽመክት እንዳያያቸው ሰው ቤት ተደበቁ።

እሑድ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ሽመክት ከተኛበት አይደለም የተነሣው፤ ማታ ጎማው በጋሽ አምባቸው ትእዛዝ ስለተመለሰለት ሌሊቱን ገጥሞ፣ ቁምጣውንና ከባሕር ዳር ያመጣውን ደማቅ ብርቱካናማ የብስክሌት ሹራብ ለብሶ ዝግጁ ነበር። በሩን ሲከፍት ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሁሉም ጋቢ ለብሰዋል።

«ውይ፣ እንዲህ ማልዳችሁ! ማን አስቸገራችሁ...» አለ እየሳቀ። ከዚያ ከሰው መሐል አጎቱን አየ። «አያ ጓዴ? እርስዎም ለሽኝቱ?»

አያ ጓዴ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ባምላኩ ወደ ግራው፣ የሒሳብ መምህሩ ወደ ቀኙ ተጠጉ። ጋሽ አምባቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ያንን ድምፃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን...»

ሽመክት የዚያ አገር ልጅ ነው አልን። ቀሪውን አልሰማም።

ድንኳን ተተከለ። በብርቱካናማ ሹራቡ ወለሉ ላይ ሲንከባለል አንዲት ሴት ጋቢ ጣል አደረገችበት። ጠጉሩን ተላጨ። ሞጣ ላይ መክሊት የመጨረሻዋን ጠብታ በመርፌ መጥጣ ስትጨርስ፣ ቢቸና ላይ ፍትሐቷ እየተደረገ ነበር።

እድሩ የሚወቀስበት የለም። ንፍሮው በጊዜው ደረሰ፤ አልቃሽ አልጎደለም፤ ጋሽ አምባቸው ሦስቱንም ቀን ከሐዘንተኛው ጎን አልተነሡም፣ ሲያቃስት እንደ ሕፃን ጀርባውን ይመቱት ነበር። እስከዳር አንዴ ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች። «መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ፍሪጅ ውስጥ አለ» አለችው ቀስ ብላ። «ስትሄድ ይዘኸው ብትሄድስ?»

ቀና ብሎ አያት። «ለማን?»

መልሱን የሰጡት እትዬ ይርጋነሽ ናቸው። «ለነፍሷ ይመጽወት እንጂ! አባ አካለ ወልድ ያው ስኳር ይዟቸው ሲሰቃዩ አይደል?» ሽመክት በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ስለ መክሊት ነፍስ፣ ኢንሱሊኑ ለአባ አካለ ወልድ ተመጸወተ። ማንም ሟቿን የጠየቃት የለም።

ከሣልስቱ ማግሥት ተነሣ። እናቱ ብቻዋን ናት፤ ሊያስለቅሳት መሄድ አለበት። አሁን ማንም ጎማ አልደበቀም። ባምላኩ የብስክሌቷን ካቴና ዘይት ቀባለት። እትዬ ይርጋነሽ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ መግባት ነውር ነው ብለው፣ ማዕዘን ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ገንቦ አነሡ፤ አሸዋውን ደፉ፤ አጥበው ንፍሮ ሞሏት። ስንዴና ባቄላ። ከብስክሌቷ ኋላ አሰሩለት። ጆንያውን ማንም አላረጠበውም።

እንዲህ ሆኖ ነው ሽመክት ብቻውን ረጅሙን መንገድ የጀመረው።

ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ የጤፉ ማሳ ታጭዶ ባዶውን ተኝቷል። በግራው ጮቄ ደመና ተከናንቧል። ሜዳው ላይ ይነዳል፤ ዳገቱ ላይ ወርዶ ይገፋል፤ አንዳንዴ መሪውን ተደግፎ ዝም ብሎ ይቆማል። በባሕር ዳር ሜዳ ከኋላው አፈናጦ ብስክሌት ያስተማራትን የእህቱን ክብደት ኋላው ላይ የሚሰማው ይመስለው ነበር። የሚንቀጫቀጨው ግን ንፍሮው ነው።

መጀመሪያ ያስቆሙት ዩኒፎርም የለበሱት ናቸው።

«ገንቦው ውስጥ ምንድን ነው?»

«ንፍሮ።»

አዛዡ ክዳኑን ከፍቶ አየ። የተላጨውን ራስ አየ። ባርኔጣውን አወለቀና አንድ እፍኝ ዘገነ። «ነፍስ ይማር። ማን ነው?»

«እህቴ።»

«እለፍ።»

ከግንደወይን ወዲህ ያስቆሙት ዩኒፎርም ያልለበሱት ናቸው። እነሱም ከፈቱ፤ እነሱም ዘገኑ፤ እነሱም ነፍስ ይማር አሉ። በዚያ ዓመት በዚያ መንገድ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ነገር ቢኖር መክሊት መሞቷ ነው።

ሞጣ መግቢያ ላይ ወረደ። ለቀስተኛ ተቀምጦ አይገባም። ብስክሌቷን በአንድ እጁ እየገፋ፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመረ።

«መክሊቴ! እኔ ልቅደም ሳልልሽ! የእናቴ ልጅ!»

ሰዎች ከየቤታቸው ወጡ። እርስ በርስ ተያዩ። «ሞተች እንዴ?» አለች አንዷ። «አሁን ውኃ አቀብያት መውጣቴ ነው» አለች ሌላዋ፤ ግን ወንድም እያለቀሰ ነውና ማን ያምናል፣ እሷም ነጠላዋን ገልብጣ ጩኸቷን ለቀቀችው። ሰፈሩ ተከተላት። ሽመክት እናቱ ደጅ ሲደርስ ከኋላው ሙሉ ለቅሶ አስከትሎ ነበር።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ በሩ ላይ ቆማለች። በእጇ የውኃ ጣሳ ይዛለች።

«ምን ሆነሃል?» አለችው። «ማን ሞተብን?»

ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየቆየ ቆመ።

ከውስጥ፣ ከመደቡ ላይ፣ እንደ ሯጭ ከሚያለከልክ ትንፋሽ መሐል ድምፅ መጣ። «ሽሜ... ድምፅህ አያምርም። የሰው ለቅሶ ላይ እንዳትሄድ።»

ገባ። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ቤቱ ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ ይሸታል። እጇን ወደ ራሱ ለመዘርጋት ሞከረችና ግማሽ መንገድ ላይ ተወችው።

«ለእኔ ነው የተላጨኸው?»

መደቡ አጠገብ ተንበረከከ።

«አላማረብህም።»

እናትየው እነሱን አልሰማችም። ወደ ብስክሌቷ ወጥታለች። ከኋላ የታሰረችውን ገንቦ አይታ ነበር፤ ለመድኃኒት ገንቦ እንደሚያስፈልግ የሞጣው ሐኪም ነግሯታል። ጆንያውን ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። ቶሎ ቶሎ ገመዱን ፈትታ፣ ታቅፋ አስገብታ መደቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻት። «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለች እጇን እስከ ክንዷ ከተተች።

የያዘችውን አውጥታ አየችው። ስንዴ። ባቄላ።

ጥሩአየሁ ንፍሮ ለምን እንደሚቀቀል የሚነግራት አላስፈለጋትም።

«ሰማውን የላክሁብህ ጠንቶባታል ብዬ ነው» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጠንቶባታል ብዬ ነው የላክሁብህ። ሌላ ምን ልበል?»

ሽመክት አንድ ጊዜ ወደ ገንቦዋ፣ አንድ ጊዜ ወደ እህቱ አየ። ከዚያ ገንቦዋን ከእናቱ ቀማ፤ ንፍሮውን ደጅ ደፋው። ለቀስተኞቹ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ወዴት ነው?» አለች መክሊት።

«መጣሁ።»

«ከረሜላ ይዘህልኝ ና» አለችው።

ቁልቁለቱን ያለ ፍሬን ወረደው፤ ዳገቱን ብስክሌቷን ተሸክሞ ሮጠ። ቢቸና ሲገባ ጋሽ አምባቸው ደጃቸው ላይ የድንኳኑን ሸራ ያጣጥፉ ነበር። ቀና ብለው ፊቱን አዩና ሸራው ከእጃቸው ወደቀ። ብዙ መርዶ ያረዳ ሰው ፊት ማንበብ ያውቃል።

«አለች?» አሉት።

«ነበረች፣ ስመጣ።»

ጤና ጣቢያው ድረስ ተከትለውት ሮጡ፤ እነዚያ እግሮች ሮጠው የሚያውቁ አይመስልም። እስከዳር ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። አንዱን ብልቃጥ ለአባ አካለ ወልድ ሰጥታለች፤ ሁለተኛውን ግን አልሰጠችም ነበር። ፍሪጁን ከፈተች፤ አሸዋውን ሞላች፤ ቀበረችው።

«ልጄ» አሉ ጋሽ አምባቸው። «እኛኮ ለአንተው ብለን...»

«አውቃለሁ ጋሼ። ውኃ አለ?»

ባልዲውን አመጡ። ጆንያው ላይ ራሳቸው አፈሰሱ፤ ግማሹ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።

ሽመክት ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሞጣ ተነሣ። እሱ ገና ደብረ ወርቅን ሳያልፍ መክሊት ሞተች። በስልክ አልተነገረ፣ ስልክ የለም፤ ግን ወሬ በእግር ሲሄድም የሚደርስበት አያጣም። ገበያተኛው ለገበያተኛው፣ ሸማ ነጋዴው ለአህያ ነጂው እያቀበለ፣ ከላይ እሱ ወደሚመጣበት ወረደ። ብርቱካናማ ሹራቡን ለብሶ፣ ጠጉሩ ገና ጥቁር ጥላ ማብቀል የጀመረ፣ ማርሽ በሌላት ብስክሌት ገንቦ ጭኖ የሚሄደውን ሰው ከሩቅ ለዩት።

ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሚይዘው ዘመድ በሌለበት፣ ማን ይነግረዋል?

ስለዚህ ውኃ ሰጡት። ዩኒፎርም የለበሱት «ገንቦው ውስጥ ምንድን ነው?» ሲሉት «መድኃኒት» አላቸው፤ አንዱ ወታደር ሮጦ ኮዳውን አምጥቶ ጆንያው ላይ አንቆረቆረለት። ግንደወይን ላይ አንዲት ጠላ ሻጭ እንስራዋን ይዛ መንገድ መሐል ድረስ ወጣች። ዩኒፎርም ያልለበሱትም ሳያስቆሙት እጃቸውን አወዛወዙለት፤ አንዱ ዳገቱን እስኪጨርስ ከኋላ ብስክሌቷን ገፋለት፤ ዳገቱ ሲያልቅ ተመለሰ። ሽመክት «እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ያልፋል። ሰው እንዲህ ደግ ነው እያለ፣ መድኃኒቱ ይደርስላታል እያለ።

ሞጣ ሊገባ ሲል ያለው ምንጭ ዳር አንዲት ሴት ልብስ ታጥብ ነበር። ስታየው ልብሱን ጥላ በጣሳ ቀድታ መጣች። ጆንያው ላይ አፈሰሰች፤ ደግማ ቀዳች፤ አፈሰሰች።

«በቃ እናቴ፣ ረጥቧል» አላት።

አልሰማችውም። ፊቷን ወደ ምንጩ አዙራ ትቀዳለች፣ ታፈስሳለች። ውኃው ከጆንያው እየተንጠባጠበ አቧራው ላይ ጥቁር መስመር ሠራ።

«ሂድ በል» አለችው በመጨረሻ፣ ሳታየው። «ሳይደርቅብህ።»

ፔዳሉን ረገጠ።